በመርፌ የወጣ ስም

ከጦር ሰፈሩ፣ ጀርመን
ጁላይ 6 ቀን 1958

ለተከበሩት አክስቴ ለኬጡራ፣

ይህ ደብዳቤ ጉልበትዎ ተሽሎት፣ ጣሪያዎ ሳያፈስ፣ ዶሮዎችዎም ቀበሮ ሳይደርስባቸው እንዲያገኝዎ ጌታን እለምናለሁ። እኛ በጤና አለን። ባለቤቴን ሌስተርን ሃምሳ አለቃ አድርገውታል፤ ከዚያ ወዲህ የበላበትን ሳህን ራሱ ማንሳት አቁሟል።

ለወንድምዎ ለአጎቴ ዶክተርም ሰላም በሉልኝ። እዚህ ያሉት የወታደር ሚስቶች «አጎቴ ዶክተር» ባልኩ ቁጥር ምን በሽታ ያክማል ይሉኛል። «ስሙ ነው እንጂ ሙያው አይደለም። ሰባተኛ ወንድ ልጅ ስለሆነ በአገራችን ደንብ ዶክተር ተባለ፤ እሱ የሚያውቀው በቅሎ መሸጥ ነው» አልኳቸው። እናቴም ሚዙሪ ተብላ ሚዙሪ የሚባለውን ግዛት በዓይኗ ሳታይ እንደሞተች፣ የአባቴም እህት «በቃ፣ የመጨረሻዬ ናት» ተብላ ኦሜጋ ከተባለች በኋላ አራት ታናናሾች እንደመጡባት ነገርኳቸው። አንዷ የኦሃዮ ሴት በሳቅ ሞተች። «የአንቺስ ቲርጻ ከየት መጣ?» አለችኝ። «ከመርፌ» አልኳት። መሳቋን አቆመች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አርግዣለሁ። ሰባት ወሬ ነው፤ ለሴፕቴምበር መጨረሻ ይላሉ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልዎ ስለፈራሁ ነው። ያለፈውን ያውቁታል።

ያን ጊዜ «መርፌ ልውጋልሽ ወይ?» ብለው ሲጽፉልኝ፣ ይህ የተራራ ሰው ነገር ይቅርብኝ ብዬ መለስኩ። ስሟን ከመጽሔት መረጥኩት፤ ሳሙና ይዛ የምትስቅ ሴት ስም ነበር። ልጄ ሦስት ቀን ኖረች። እርስዎ አንድ ቀን እንኳ «ነግሬሽ ነበር» አላሉኝም። እኔ ግን ለራሴ ሳልል የዋልኩበት ቀን የለም።

ስለዚህ አክስቴ፣ በቤተሰቡ ከእርስዎ የምትበልጥ ሴት የለችምና የባርኔጣ መርፌዎን ያውጡልኝ። እንደ ደንቡ ይሁን፦ ቁርስ ሳይቀመስ፣ ዓይን በሽርጥ ታስሮ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ በራሱ ተከፍቶ፣ አንዴ ብቻ። መርፌው ካረፈበት ወደ ላይ ሲቆጠር መጀመሪያ የተገኘው የወንድ ስም ለወንድ፣ የሴቷ ለሴት። ስሙም ከልጁ ቀድሞ ይድረሰኝ። ስም ሳይጠብቀው የመጣ ልጅ የሰው ቤት የገባ መስሎት ይመለሳል ይሉ አልነበር?

የእህትዎ የልጅ ልጅ፣
ቲርጻ


ኮልድ ፎርክ ሸለቆ፣ ኬንታኪ
ጁላይ 19 ቀን 1958

ለልጄ ለቲርጻ፣

ከአናትሽ እስከ ተረከዝሽ፣ መካከል ላይ የሰፈረውንም እንግዳ ጨምሮ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የአባቶቻችን አምላክ ባሕሩን ተሻግሮ ይጠብቃችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሰማንያ አንድ ዓመት የቆየ ነገር ደህና የሚባለውን ያህል።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰ። ዓርብ ቁርስ ሳልቀምስ መርፌውን አወጣሁ። ለምስክርነት ዶክተርን ጠራሁት። ሽርጡን ዓይኔ ላይ ሲያስር በቅሎ የሚለጉም መስሎት አጠበቀው።

«ኬጢ፣ ታያለሽ?» አለኝ።

«ማየት ብችልማ ኖሮ ያንን ሸሚዝ አስወልቅህ ነበር።»

«አታጭበርብሪ። ጣቴ ስንት ነው?»

«አንተ መቁጠር ሲያቅትህ ነው እኔን የምትጠይቀኝ?»

መጽሐፉን በጀርባው አቁሜ ለቀቅሁት። ተከፈተ። ወጋሁ።

ወንድ ከሆነ ስሙ ዮቅሳን ነው። ሰባኪያችን ወንድም ኦርቪል ትርጉሙን ፈልጎ «ወጥመድ አጥማጅ ማለት ነው» ብሎኛል። ለተራራ ልጅ ምን የተሻለ ሙያ አለ? ትምህርት ቤት ቢስቁበት አትዘኚ። በእኔም ስቀውብኝ ነበር፤ የሳቁት ሁሉ አሁን ከመቃብር ሥር ናቸው፤ ሜሪ፣ ጆን፣ ሜሪ፣ ጆን የሚል ድንጋይ ተደርድሮባቸዋል። ለየትኛዋ ሜሪ አበባ ማስቀመጥ እንዳለበት እንኳ ዘመዳቸው ግራ ይገባዋል።

ስማችን እንግዳ የሆነው እኛ እንግዳ ስለሆንን አይምሰልሽ። የቀደሙት ሰዎቻችን ባሕር ተሻግረው እዚህ ሸለቆ ሲገቡ የያዙት አንድ ምጣድ፣ አንድ ጠመንጃና አንድ መጽሐፍ ነበር። ልጅ ሲወለድ በምጣዱ ወይም በጠመንጃው ሊሰይሙ አይችሉ፤ ሦስተኛውን ገለጡት። ጎረቤታችን ግን ጠመንጃውን መርጦ ልጁን ሬሚንግተን ብሎታል። ሁሉም እንደ እምነቱ ነው።

የሴቷን ስም በሚቀጥለው ደብዳቤ እልክልሻለሁ። የዶክተር መነጽር ጭጋግ ይዞት በደንብ አላነበበውም፤ ፖስተኛውም በር ላይ ጥሩንባውን እየነፋ ያዋክበኛል።

አክስትሽ ኬጡራ


ከጦር ሰፈሩ፣ ጀርመን
ኦገስት 2 ቀን 1958

ለተከበሩት አክስቴ፣

ጌታ ብርታትዎን ያብዛልዎ፣ የአጎቴንም መነጽር ይጥረግለት።

ዮቅሳንን ለሌስተር ነገርኩት። ኮፍያውን አወለቀና ጭንቅላቱን አከከ። እሱ ያሰበው ልጁን «ሌስተር ትንሹ» ሊለው ነበር።

«በቁምህ ስምህን ልትሰጥ?» አልኩት። «አጎት ፕሌዘንት በቁሙ ስሙን ለልጅ ልጁ ሰጥቶ በሳምንቱ ዛፍ አልወደቀበትም?»

«ሰክሮ ነበር አላልሽኝም?»

«ከዚያ በፊት ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰክሮ አልነበር? ዛፉ ያን ሳምንት ምን አስቸኮለው?»

ሁለት ሰው በአንድ ስም ሲኖር አንዱ ይሄዳል፤ ይህ ለአዋቂ ሰው ይነገራል እንዴ? ያም ሆኖ «ሴት ከሆነች ሱዛን ብንላትስ?» ይላል። ጎረቤት ሦስት ሱዛኖች አሉ። ከመስኮት «ሱዛን!» ብጣራ ግማሽ ሰፈር ይመጣል።

እዚህ ያሉት ሁሉ ሆዴን አይተው ሴት ናት ይላሉ። የሴቷ ስም ግን አልደረሰኝም። ፖስታ ቤት በየቀኑ እሄዳለሁ፤ ወታደሩ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ አክስቴ። ይጻፉልኝ።

ቲርጻ


ኮልድ ፎርክ
ኦገስት 18 ቀን 1958

ለልጄ ለቲርጻ፣

ሰላምና ትዕግሥት ለአንቺ ይሁን፤ ይልቁንም ትዕግሥት።

የዘንድሮ እንጆሪ ጉድ ነው። አሥራ ዘጠኝ ጠርሙስ ማርማላታ ሠራሁ። ዶክተር አምስቱን «ልቅመስ» እያለ ጨረሰው። ዝናቡም ደህና ነው። ዶሮዎቼን ለጎረቤት ሰጠሁ፤ እነሱን ማሯሯጥ ሰልችቶኛል። በዚህ ፖስታ ያያትሽን በስፌት ጊዜ ጣት ላይ የሚጠለቀውን የብር ቆብ፣ በመርከብ ደግሞ ያን ባለ ኮከብ ብርድ ልብስ ልኬልሻለሁ። ቤት እያጸዳሁ ነው፤ ሌላ ነገር የለም።

ስለ ስሙ ጠይቀሻል። ሳስበው ሳስበው፣ ሱዛን ክፉ ስም አይደለም። በሉቃስ ወንጌል አለች፤ ትርጉሟም አበባ ነው። ባልሽ ብዙ ጊዜ ባይሳካለትም ዝም ብሎ የሚናገር ሰው አይደለም። አንዳንድ ሰዎች አሁን አሁን መርፌ ሳይወጉም ልጅ እያሳደጉ ነው ይባላል።

ሐኪሞቹ የትኛውን ቀን ነው የሚሉት? ከሃያ ሁለት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቁርጡን ጻፊልኝ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

አክስትሽ


ከጦር ሰፈሩ፣ ጀርመን
ኦገስት 30 ቀን 1958

ለተከበሩት አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ሱዛን ይበሉኝ? እርስዎ? የእህትዎ ልጅ ያለ መርፌ ሊንዳ ብላ ሰይማ ስትመጣ ሁለት ዓመት ሙሉ «ያቺ ሕፃን» እያሉ የጠሩ እርስዎ? ደብዳቤውን ሳነብ መጀመሪያ የታየችኝ በሆዴ ያለችው ልጄ ናት። መርፌው የእርግማን ስም ላይ አርፎ ነው የደበቁኝ ብዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።

በሦስተኛው ቀን ሞኝነቴ ታየኝ። ለካ የወንዱን ነግረውኛል! መርፌው አንድ፣ ቦታውም አንድ። ከሰፈሩ ቄስ መጽሐፍ ቅዱስ ተውሼ ዮቅሳንን ፈለግሁት። በዘፍጥረት ሃያ አምስት ላይ አለ፤ በዜና መዋዕልም አለ። በሁለቱም ቦታ ጣቴን ወደ ላይ ሳስኬድ የማገኛት የመጀመሪያዋ ሴት አንድ ናት። ሌላ ሴት በመካከል ትኖር ይሆን ብዬ አራት ጊዜ አነበብኩ። የለችም። አብርሃም በስተርጅና ያገባት ኬጡራ ብቻ ናት።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ቄሱ «አገኘሽው?» አለኝ። «አክስቴን አገኘኋት» አልኩት። ውኃ አመጣልኝ።

አክስቴ፣ እኔ አንዲት ልጅ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛዋን ለማኖር እርስዎን አልቀብርም። ስለዚህ ሱዛን ትሁን። አለቀ። ብቻ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ «ሱዛን» ስላት ጸጥ ትላለች። አንድ ጊዜ ሳላስበው የእርስዎን ስም ስጠራ ግን በእግሯ መታችኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን እየያዝኩ ነው የምሄደው።

ዶሮዎቹን ለምን ሰጡ? ሃያ ሁለት ምንድን ነው? ባለ ኮከቡን ብርድ ልብስ ከሣጥን የሚያወጡት ሠርግ ወይም ቀብር ሲኖር ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሠርግ ያለው ሰው ደግሞ የለንም።

ቲርጻ


ኮልድ ፎርክ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1958

ለልጄ ለቲርጻ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዮቅሳን ወጥመድ አጥማጅ ነው ብዬሽ አልነበር? ያጠመደው እኔን ሆነ። አንቺን ለማታለል ደግሞ ከእኔ የበለጠች ብልጥ አክስት ታስፈልጋለች።

እውነቱ እንዲህ ነው። መርፌውን ወጋሁ፣ ዶክተር ጎንበስ ብሎ «ዮቅሳን» አለ፤ ከዚያ ዝም አለ። ዶክተር በሕይወቱ ዝም ያለው ሲጠመቅ ብቻ ነው፤ ያኔም ውኃ ውስጥ ስለነበር ነው። ሽርጡን አውልቄ አየሁ። በመርፌ ስልሳ ሦስት ልጅ ሰይሜያለሁ፤ መርፌው አንድ ቀን እንኳ ከስሜ ደጃፍ ደርሶ አያውቅም ነበር። አርባ ዓመት ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ መንግሥተ ሰማያት ያስተማርኩ ሴት፣ አንዲት መስመር አይቼ ላብ አጠመቀኝ። ስላንቺ ብዬ ብቻ ነው የደበቅሁት ብዬ ላኮራሽ አልችልም። ፈርቼ ነው። ቀስ እያለ ነው ነገሩ ወደ አንቺ የዞረልኝ።

በዚያ ላይ ጎኔ ነበር። ፀደይ ላይ ጀመረኝ፤ የበላሁት ነው ብዬ ተውኩት። ከተማ የሚገኘው ሐኪም የሐሞት ጠጠር ነው አለ፤ ሆዴን ከፍቶ ሊያወጣው ይፈልጋል። ቀጠሮው ሴፕቴምበር ሃያ ሁለት ነው። ስሜን ሦስት ጊዜ አስደግሞ ጻፈና «ከየት የመጣ ስም ነው?» አለኝ። «ዕጣን ማለት ነው፤ ካልነደደ አይሸትም» አልኩት። በዚህ ዕድሜ መቀደድ አደጋ አለው ወይ ብዬ ስጠይቀው መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። መነጽር የሚጠርግ ሐኪም እንዳይገጥምሽ።

እንግዲህ አስቤበታለሁ። በሃያ ሁለት ከሞትኩ ስሙ ነፃ ይወጣል፤ ያንቺ ልጅ ትወስደዋለች፤ ማንም ማንንም አልገፋም። ዶክተር በዚያው ቀን ቴሌግራም ይልክልሻል። ካልሞትኩ እንግዲህ ሱዛን ናት፤ እኔም ይቅርታ እጠይቃታለሁ። እስከ ሃያ ሁለት እግርሽን አጥፈሽ ቁጭ በይ። ከዚያ በፊት እንዳትወልጂ። እስከ ዛሬ አዝዤሽ አላውቅም፤ አሁን ግን አዝዤሻለሁ።

ለኔ አትጸልዪ እያልኩሽ አይደለም። ብቻ ስትጸልዪ ስሜን አትጥሪ፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ትሰማለች።

አክስትሽ ኬጡራ፣ እስካሁን


ቴሌግራም
ሴፕቴምበር 22 ቀን 1958

ስሙ ነፃ ወጥቷል። ለልጅቷ ስጪ። ደብዳቤ ይከተላል። ዶክተር።


ከጦር ሰፈሩ ሆስፒታል፣ ጀርመን
ሴፕቴምበር 29 ቀን 1958

ለተከበሩ አጎቴ ለዶክተር፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከዚህ ሌላ ቃል ብፈልግም አጣሁ። ቴሌግራሙን የሰጠኝ ያ ራሱን የሚነቀንቀው የፖስታ ቤት ወታደር ነው፤ ያን ቀን ግን አልነቀነቀም። አንብቤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምጤ እዚያው ጀመረ።

ሃያ አራት ማለዳ ወለድኩ። ሴት ናት። ገና እንደወጣች እንደ አህያ ጮኸች። አዋላጇ «ስሟ ማን ነው?» አለችኝ። እያለቀስኩ ነገርኳት፤ መጻፍ አቃታትና «ሱዛን አይሻልም?» አለችኝ። ሌስተር ከበር ሆኖ «ኬጡራ ብለሽ ጻፊ ተብለሻል፣ ጻፊ!» ብሎ ጮኸባት። ሃምሳ አለቃነቱ አንድ ቀን ጠቀመኝ።

ሦስተኛው ቀን እንዴት እንዳለፈ አይጠይቁኝ። አልጋዋን ይዤ ተቀመጥኩ፤ በየሰዓቱ ስሟን በጆሮዋ አልኩ፤ ቤቱ የሷ እንደሆነ እንድታውቅ። ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ኬጡራ ትጠባለች።

አክስቴን ሳስብ ግን ወተቴ ይደርቃል። እንደ በቅሎ ግትር ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። በሽታዋን ወራት ሙሉ ከማርማላታ በስተጀርባ ደበቀችው! የበቆሎ ዳቦዋ ጡብ እንደነበረ እርስዎም ያውቁታል፤ ሁላችንም «ግሩም ነው» እያልን ሃምሳ ዓመት አስጋገርናት። ያንን ሰማያዊ ሳህን የሰበርኩት እኔ ነኝ አጎቴ፤ ድመቷ አይደለችም። ሰባት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን እነግራታለሁ እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት ቆየሁ። አሁን ለማን ልንገር?

መቃብሯ ላይ ስሟን አስቀርጹ። የኛይቱ እስክታድግ ከዚያ ላይ ታነበዋለች።

ቲርጻ


ከሆስፒታሉ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኬንታኪ
ኦክቶበር 11 ቀን 1958

ለልጄ ለቲርጻ፣

ሰላምና በረከት ለአንቺ፣ ለጯሂዋ ሕፃንና ለሃምሳ አለቃው ይሁን። የምጽፍልሽ ከአልጋ እንጂ ከመቃብር አይደለም። ቁጭ ብለሽ ከሆነ አንብቢ፤ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ።

ለዶክተር የጻፍሽለትን የለቅሶ ደብዳቤ በደስታ ሰማሁት። ብዙ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም። በቅሎ ማለትሽን ይቅር ብያለሁ፤ ዶክተር ለበቅሎ ክብር አለውና ለሷ ተቆጥቷል። ዳቦዬ ጡብ ነው ያልሽውን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ፤ ወደፊት እንነጋገራለን። ሳህኑን ደግሞ አንቺ እንደሰበርሽው ያኔም አውቃለሁ። ድመቷ ያን ቀን ጭኔ ላይ ነበረች።

አሁን ያስለቀስኩሽን ልንገርሽ። ሃያ አንድ እሁድ ነበር፤ ከተማ ሊወስዱኝ መኪና እየጠበቅሁ ነበር። ያንቺ «እርስዎን አልቀብርም» ደረቴ ውስጥ ተሰንቅሮ ነበር። እንደተቀመጥኩ አንድ ነገር ታየኝ። ደንቡ የሚለው ምንድን ነው? ሁለት ሰው በአንድ ስም አይኖርም፣ አንዱ ይሄዳል። ከስሙ ይሂድ አለ እንጂ ከዓለም ይሂድ ያለው ማን ነው? ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ ካልተቀመጠ አንዱ መነሣት ይበቃዋል፤ መሞት ምን አስፈለገው? አጎት ፕሌዘንት ይህን አስቦ ቢሆን ኖሮ ዛፉ ባዶ መሬት ላይ ይወድቅ ነበር።

ቁርስ እንዳልበላ ሐኪሙ ራሱ አዝዞኝ ነበርና ይህም ተሟልቶ ነበር። ዶክተርን ጠራሁት።

«ሽርጥ አምጣ።»

«ለማን?»

«ለኔ። አዲስ ስም ላወጣ ነው።»

«ኬጢ፣ ጠጠሩ ወደ ራስሽ ወጣ እንዴ?»

«እሰር!»

አሰረ። ወጋሁ። እንደገና ዝም አለ፤ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ! ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ያለቀሰ መሰለኝ። ሽርጡን ሳወልቅ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እየሳቀ ነበር። መርፌው መጽሐፈ ነገሥት ላይ ነበር። ከሐናና ከአስቴር፣ ከሩትና ከሣራ ሁሉ መካከል ምን እንዳወጣልኝ ከታች ታገኚዋለሽ።

ቴሌግራሙን እሁድ እንዲልክ አዝዤው ነበር። ቴሌግራም ቤቱ ተዘግቶ አገኘና ሰኞ ላከው፤ የኔ ቀጠሮ ሰኞ መሆኑ፣ ስሙን ከታች መጻፉም ምን እንደሚመስል አንዱም አልታየውም። «በየቃሉ ገንዘብ ያስከፍላሉ፤ በሕይወት አለች የሚለውን ቀነስኩት» ይላል። ዶክተር ተብሎ መሰየም ሰውን እንደሚያዋልድ አሁን ታየሽ? በቃሉ ያስማጠሽ እሱ ነው።

ሆስፒታል ስገባ ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ስሜን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ይህ ወረቀት ኬጡራ ነው የሚለው» አለች። «እዚያ ለቅቄያለሁ፤ ሌላ ሰው ገብቶበታል» አልኳት። አዲሱን ስሜን ክንዴ ላይ አሰረችልኝና ሌሎቹን ነርሶች እየጠራች አሳየቻቸው። ወንድም ኦርቪል ሊጸልይልኝ መጥቶ ነበር፤ ስሙን ሲያነብ መጽሐፉ ከእጁ ወደቀ።

«እህቴ፣ መርፌውን ብትደግሚውስ?» አለኝ።

«ስልሳ ሦስት ልጆች አልተደገመላቸውም። እኔ ከማን እበልጣለሁ?»

ባለፈው እሁድ በጉባኤው ፊት በሙሉ ድምፁ «ለእህታችን...» ብሎ ጀምሮ ስሜን ሲጠራ ሰው ሁሉ ሳል ያዘው አሉ። የሳሉት ሁሉ ግን ጸልየዋል። ጠጠሩ ወጥቷል፤ አሥራ አራት ነው፤ በማርማላታ ጠርሙስ አስቀምጬዋለሁ። ሐኪሙ መነጽሩን መጥረግ አቁሟል።

አንድ ፍርሃት እንደሚቀርሽ አውቃለሁ፤ እናት ነሽና። ሞት መዝገቡን ይዞ ኬጡራን ሲፈልግ ያቺን ሕፃን እንዳያገኝ ትያለሽ። አትፍሪ። በመዝገቡ ላይ ያለችው የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናት፣ ጥርስ የሌላት፣ ኮልድ ፎርክ የምትኖር። ሞት ያን ያህል የማያነብ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ሥራው ላይ አይቆይም ነበር። የሷ አዲስ መስመር ነው። በቤተሰቡ መጽሐፍ ጀርባ በእጄ እጽፈዋለሁ፤ ከሷ ሥር የራሴን፣ እንደ አዲስ ተወላጅ።

ደብዳቤሽን ዶክተር ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ «ኬጡራ ትጠባለች» የሚለው ላይ ሲደርስ «አቤት» ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ዋጥኩት። ሰማንያ አንድ ዓመት ተጠርቼበታለሁ፤ ከእንግዲህ «አቤት» የምትለው እሷ ናት። ስሙ ክርኑ አካባቢ ሳስቷል፤ ጨርቁ ግን ጠንካራ ነው። ቀስ ብላ ትልበሰው።

ፎቶግራፍ ላኪልኝ። ሳህኑንም ተኪ፤ ሰማያዊ ይሁን።

የምትወድሽ አክስትሽ፣
ኤልዛቤል